ሳልሰማው የቆየ ካሴት

አባቴ ኮምፒውተሩን ያገኘው ከአንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ሰውየው በደርግ ጊዜ የሐይቁን ዓሣ ሊያጠና መጥቶ ሁለት ዓመት ያህል እኛ ከተማ፣ ወሎ ሐይቅ፣ ኖረ። አባቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ያስተምረው ነበር። ሊሄድ ሲል ምን ልተውልህ ብሎ ጠየቀው። አባቴ ብስክሌቱን ይሰጠኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሰውየው በፎጣ የተጠቀለለ ጥቁር የቁልፍ ሰሌዳ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረለት። ኮምፒውተሩ ያው የቁልፍ ሰሌዳው ራሱ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ፕሮግራሙን የሚያነበው ከተራ የቴፕ ካሴት ነው። ካሴቱ ሲዞር ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያሰማል። ያ ጩኸት ለማሽኑ ቋንቋው ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የተማርሁት በዚያ ማሽን ነው። እናቴ እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ቤት ውስጥ የነበርነው አባቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነን። ቴሌቪዥኑ አንድ ነው። እህቴ ድራማ ልታይ ስትመጣ ካሴቱ ሲጮህ ካገኘችው ጆሮዋን ይዛ «ያን የሚያለቅስ ሳጥን ንቀሉልኝ!» ትላለች። አባቴ ይስቃል፤ ግን አይነቅልም። ማሽኑ ቁጥር ሲቆጥር፣ መስመር ሲሰምር፣ አንዲት ኳስ ከግድግዳ ግድግዳ ሲያላትም እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናያለን።

ተምሬ አዲስ አበባ አንድ ባንክ ተቀጠርሁ። ሥራዬ የኮምፒውተር ደህንነት ነው። የባንኩን መረብ ሰብሮ ሊገባ የሚሞክር እንዳለ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እጠብቃለሁ። አንዱ ሠራተኛ ከማያውቀው ሰው የመጣ መልእክት ከፍቶ ኮምፒውተሩን ያስበክላል። አንዱ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል። የት አገር እንዳለ የማይታወቅ ሰው ደግሞ አንዱን በር ሺህ ጊዜ ሲያንኳኳ ይውላል። እንዲህ ያለ ሥራ ውሎ አድሮ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። ከጓደኛ የመጣ የበዓል ምኞት እንኳ ሁለቴ ሳላይ የማልከፍት ሰው ሆንሁ።

አባቴ ግን በሥራዬ ይኮራ ነበር። ከመስጊድ ሲወጣ ሰው «ልጅህ ምን ይሠራል?» ሲለው፣ «የኮምፒውተር ደህንነት ነው» ይላል። ችግሩ ቃሉ ነው። በእኛ አገር «ደህንነት» ሲባል ሰው የሚታየው ባንክ አይደለም፤ ሰው ከቤቱ የሚወስደው፣ ስልክ የሚጠልፈው፣ ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጦ ጆሮውን የሚጥለው ነው። ለውጡ በመጣበት ዓመት እስረኞች እየተፈቱ የደረሰባቸውን በቴሌቪዥን ይናገሩ ነበር። ሐይቅ ያለ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አለቀሰ። በዚያ ሰሞን ለኢድ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ፀጉሬን ልቆረጥ ገባሁ። ሲንጫጩ የነበሩት ሰዎች እኔ ስቀመጥ ዝም አሉ። ፀጉር ቆራጩ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣

«እንደው አሁን እናንተን ምን ያረጓችሁ ይሆን?» አለኝ።

«እነማንን?»

«ደህንነቶችን ነዋ።»

ሳቅሁ። ባንክ እንደምሠራ፣ የምጠብቀው ኮምፒውተር እንጂ ሰው እንዳልሆነ አስረዳሁት። «እሺ» አለ፤ ሰው ሳያምን ሲቀር የሚላት ዓይነት «እሺ»። ቤት ገብቼ ለአባቴ እንደ ቀልድ ነገርሁት። እሱም እንደ ቀልድ ሰማው።

«‹ኮምፒውተር› የምትለዋን እየዋጧት ነው» አለ።

አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ዓይኑ እየደከመ ሄደ። መጽሐፍ ሲይዝ ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ይሄድብኛል ይል ነበር። ዕድሜውን ሲያነብ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው በኢዱ ሰሞን ያን አሮጌ ማሽን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ፣ አቧራውን አራግፌ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሳያይዘው፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አባቴ ከመደቡ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሁለታችንም ደነገጥን።

«ይኼን አየዋለሁ» አለ። «ወላሂ ይኼን አየዋለሁ።»

ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። ላስተምረው ወሰንሁ። እንዲህ ሲባል ይቀላል እንጂ፣ በዚያ ማሽን አንድ ፊደል የምትሠራው ስምንት ነጥብ በስምንት ነጥብ በሆነች አራት ማዕዘን ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው ሃያ ስድስት ነው፤ የእኛ ከሁለት መቶ በላይ ነው። የማሽኑ ጠቅላላ ማስታወሻ ደግሞ ዛሬ በስልክ ከምናነሳት ከአንዲት ፎቶ ያንሳል። አዲስ አበባ ተመልሼ እሑድ እሑድ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ፊደል መሳል ጀመርሁ። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ነጥብ ነው። «ለ» በአምስት ደቂቃ አለቀ። «ጨ» ሁለት እሑድ በላ።

ዳኛዬ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። ገና የላክሁት የመጀመሪያው ካሴት ሲጫን አባቴ ጠርቷቸው ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጣቸው። እህቴ የሆነውን በስልክ ነገረችኝ። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አዩና፣

«ይኼ ‹ጸ› ነው?» አሉ።

«ነው» አለ አባቴ።

«አይደለም መምህር። ይኼ እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው።»

አስተካክዬ እንደገና ላክሁ። እንዲህ እየተባለ ዓመት ሆነ። በመጨረሻ ፊደሉ በአራት እጥፍ አድጎ፣ በአንድ መስመር ስምንት ፊደል ብቻ ሆኖ፣ አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ደብዳቤ ማንበብ ቻለ። መጻፊያም ሠራሁለት። አንድ ቁልፍ ለፊደሉ፣ ከዚያ ከአንድ እስከ ሰባት ያለ ቁጥር ለድምፁ። «ለ» ብሎ አራትን ሲነካ «ላ» ይወጣል። ይጽፍና ካሴት ላይ ይቀዳዋል፤ ካሴቱን የደሴ ሚኒባስ ሹፌር ይዞ ከደሴ አውቶቡስ ላይ ያስጭንልኛል። እኔ ደግሞ ላፕቶፔ ላይ ያንን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም አለኝ፤ ከመርካቶ በገዛሁት አሮጌ ቴፕ አጫውቼ አነበዋለሁ። ባዶ ካሴት ስለጠፋ አባቴ ከራሱ ክምችት ካሴት እያነሳ ላዩ ላይ ነበር የሚቀዳው። መንዙማዎቹን እንዳትነካ ብሎ አስጠንቅቆኛል። የአምባሰል ዜማ ካሴቶቹን ግን አንድ በአንድ ሠዋቸው፤ የደብዳቤው ጩኸት አልቆ ቴፑን ሳላጠፋው ከቆየሁ አንዳንዴ ከሥር የማሲንቆ ድምፅ ይመጣል።

ሰው ይህን ሁሉ ለምን ትለፋለህ ሲለኝ መልሱን በደንብ አላውቀውም ነበር። ስልክ አለ፤ የድምፅ መልእክት አለ። ግን ያ ማሽን ከምንም ጋር አልተገናኘም። የይለፍ ቃል የለውም፤ ማንም ከየትም ሆኖ አይገባበትም፤ የሚሰረቅ ነገር የለውም። ሳምንቱን ሙሉ ሌባ ስጠብቅ ውዬ እሑድ ፊደሎቹ ላይ ስቀመጥ ትከሻዬ ሲወርድ ይሰማኛል። አለቃዬ፣ ጠንቃቃና ቅን ሴት፣ አንድ ቀን የካሬ ደብተሬን አይታ «ይቺን ጊዜ ለምን ፈተና አታጠናባትም? ያለ ሰርተፊኬት ወደ ላይ አትወጣም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ለፈተናው ሰጠሁት። እሑዶቹ በወር ከአራት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ምንም ወረዱ። አባቴ ሁለት ካሴት ሲልክ እኔ አንድ እመልሳለሁ፤ በኋላ ሦስት ሲልክ አንድ።

ሰሜን ላይ ጦርነት ሲነሳ የባንኩን መረብ የሚያንኳኩት በዙ። ፈረቃችን ረዘመ። ጦርነቱ ወደ ወሎ ወርዶ ወልድያ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጨመረ። ታጣቂ በገባበት ወይም በተቃረበበት ከተማ ያለ ቅርንጫፍ ኮምፒውተሮቹ በማን እጅ እንደሚወድቁ ስለማይታወቅ ከመረቡ መቆረጥ አለበት። የሚቆርጠው የእኛ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ቅርንጫፎቹ አረንጓዴ ነጥብ ናቸው፤ ሲቆረጡ ግራጫ ይሆናሉ። ግራጫው ከሰሜን ወደ ደቡብ መንገዱን ተከትሎ ወረደ። ሬዲዮ ከሚናገረው ሁለት ሦስት ቀን ቀድሜ የማውቅበት ጊዜ ነበር።

አለቃዬ ሰብስባ፣ «እዚህ የምታዩትን ለሚስታችሁም እንዳትናገሩ» አለችን። «‹እንትን ቅርንጫፍ ሊዘጋ ነው› የሚል ወሬ ከወጣ ከተማው በሙሉ ባንክ በር ላይ ይረጋገጣል። ሰው ይሞታል።»

ይህም እውነት ነበር። ግራጫው ከእኛ ከተማ በላይ ያለችው ውጫሌ ሲደርስ ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አባቴ ጋ ደወልሁ። ግልጹን መናገር ፈራሁ። የፈራሁት አለቃዬን ነው፤ ደግሞ ስልክ እንደሚጠለፍ ለእኔ ማስረዳት አያሻም።

«አባ፣ ለምን ለምርመራ ወደዚህ አትመጣም?»

«የምን ምርመራ? ባለፈው ወር ታይቼ የለ?»

«ሌላ ሐኪም ይይህ። እትዬንም ይዘሃት ና። ነገ ብትነሱ ጥሩ ነው።»

ከዚያ፣ «ያ ካሴት ደረሰህ?» አለኝ።

«ደርሶኛል።»

«ሰማኸው?»

አልሰማሁትም ነበር። ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ከሌሎች ሁለት ካሴቶች ጋር የመሥሪያ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ፈተናው ስላለፈ አሁን እሰማዋለሁ፣ ነገ እሰማዋለሁ ስል ቆየሁ።

«ሰምቼዋለሁ» አልሁት። «እልክልሃለሁ።» መልሱን እልክልሃለሁ ማለቴ ነበር።

ድምፁ ሲቀልለው ሰማሁ። «እንግዲያው አብሽር። እሱን ሳላገኝ ወዴትም አልንቀሳቀስም። እሱን ይዤ እንደሆን እመጣለሁ።»

ያ ለደብዳቤ ያለው ጉጉት መስሎኝ በልቤ ተቆጣሁት። በዚህ ሰዓት ጨዋታ ያምረዋል አልሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆመች። የማን አገር እንደሆነ ታውቃለች። «ሌላ ሰው ይሥራው?» አለችኝ። አልሁ፣ ግድ የለም። የሐይቅን ቅርንጫፍ በገዛ እጄ ቆረጥሁት። ነጥቡ ግራጫ ሆነ። ወዲያው ወጥቼ ደወልሁ፤ የአባቴም የእህቴም ስልክ አይጠራም። በማግስቱ ደሴ።

ካሴቱን ያጫወትሁት ያን ሳምንት ነው፤ ከእሱ አንድ ቃል ሲናፍቀኝ። ላፕቶፑ ላይ ፊደሎቹ ስምንት ስምንት ሆነው ወጡ። አባቴ የጻፈው እንዲህ ነበር።

«ይድረስ ለልጄ። ደህና ነን። ስኳሬ ወጣ ገባ ይላል። በስልክ አይወራም ብዬ ነው። እዚህ ወሬው ከፍቷል። ልጁ ደህንነት ነው ይላሉ። ባንክ ነው የሚሠራው ብል የሚያምነኝ ጠፋ። ነገ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። ከመሥሪያ ቤትህ ማኅተም ያለበት ወረቀት አጽፈህ ላክልኝ። የባንክ ሠራተኛ ነው የሚል ይበቃል። እንዳትረሳ። የኔታ ሰላም ብለውሃል። ‹ጸ› አሁንም አልዳነም ብለዋል።»

እንዲህ ያለ ወረቀት ከሰው ኃይል ክፍል በግማሽ ቀን ይወጣል። ያን ጊዜ ሚኒባሱም ነበር፣ መንገዱም ክፍት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር እንዴት እንዳሳለፍሁት መናገር አልችልም። ሥራ ገብቻለሁ። በልቻለሁ። ከወሎ የሸሸ ሰው አለ በተባለበት ሁሉ እየሄድሁ የሁለት ሰው መልክ ስናገር ከርሜያለሁ። ታጣቂዎቹ ሲወጡ ስልክ ሳይመለስ መንገዱ ተከፈተ፤ ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ በመጀመሪያው ቀን ተነሳሁ። ከኮምቦልቻ ወዲያ በየመንገዱ ዳር የተቃጠለ መኪና ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የሚያወራ የለም። ሐይቅ ስደርስ ባጃጅ ስለጠፋ በእግሬ ገባሁ። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል።

እህቴ ከጓዳ ወጣች። ግማሽ አካሏ የቀረ መሰለኝ። አቅፋኝ ሳታለቅስ፣ «አለ» አለችኝ። «ግን አትደንግጥ።»

አባቴ መደቡ ላይ ተኝቷል። ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሏል። ሽታው ከበር ይቀበላል። ድምፄን ሲሰማ ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ያኔ ነው ዓይኑ ጨርሶ እንደጠፋ ያወቅሁት።

የሆነውን ከሰዓት በኋላ እህቴ ነገረችኝ። የኔታም መጥተው አጠገቧ ተቀምጠው ነበር።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን በያዙ በአራተኛው ቀን አምስት ሆነው መጡ። በር ላይ ቆመው ያሉት «የደህንነቱ አባት ቤት ይኼ ነው?» ነው። አባቴ ልጄ የባንክ ሠራተኛ ነው አላቸው። ወረቀት አሳይ አሉት። ወረቀቱ እየመጣ ነው አላቸው። ቤቱን ሲፈትሹ ማሽኑን አገኙ፤ ካሴቶቹን አገኙ። አንዱን ካሴት በባትሪ በሚሠራው ቴፕ ሲያጫውቱ ያ ጩኸት ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉት።

«ደብዳቤ ነው» አለ አባቴ። ዕድሜውን ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«የማን ደብዳቤ?»

«የልጄ።»

«ልጅህ በዚህ ነው የሚያወራህ?»

«አዎ።»

እህቴ እዚህ ላይ ቆመች። የኔታ ቀጠሉ። «በጥፊ ሲመቱት መነጽሩ ወደቀ። ማሽኑን ግቢ አውጥተው በጫማቸው ረጋገጡት። እሱን ወሰዱት።»

ያሰሩት ሠላሳ ዓመት ባስተማረበት ትምህርት ቤት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ ነው። የኔታ እሱ በታሰረ በሦስተኛው ቀን በትራቸውን ይዘው በእግራቸው እዚያ ሄዱ። ስለ ፊደሉ፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ለአዛዡ አስረዱት። አዛዡ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

«‹እንግዲያው አሳዩኝ› አለኝ» አሉ የኔታ። «‹ያንን ጩኸት ፊደል አድርጋችሁ አሳዩኝና ልልቀቀው።› ምን አሳየዋለሁ? ማሽኑን ሰብረውታል። ባይሰብሩትስ? መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ነበር።»

አሥራ አንድ ቀን ያዙት። ኢንሱሊኑን እህቴ እንስራ ውስጥ ውኃ ላይ አስቀምጣ ጠብቃው ነበር፤ በር ላይ ያለው ጠባቂ ግን መርፌ አላስገባም አለ። እግሩ ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል እዚያ ሲሚንቶ ላይ ከፋች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠባቂዎቹ ትተውት ሄዱ፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የኔታና እህቴ በእንጨት ጋሪ አድርገው ቤት አመጡት። ከዚያ ወዲያ ሐኪምም መድኃኒትም አልነበረም።

በማግስቱ መኪና ፈልጌ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ሄድሁ። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ዓይኑን ያዩት ሐኪም ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ሁለት ወር እኔ ዘንድ ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሻይ አጠጥቼው፣ ብርጭቆውን ከእጁ ስቀበል ነገርሁት።

«አባ፣ ካሴቱን ሰምቼዋለሁ ያልሁህ ውሸት ነው። መሳቢያ ውስጥ ነበር። የሰማሁት ከተማው ከተያዘ በኋላ ነው።»

ብርጭቆውን ላስቀምጥ ተነሳሁ።

«ተቀመጥ» አለኝ። «አውቄዋለሁ። ብትሰማው ኖሮ ወረቀቱ ምን ላይ እንደደረሰ በስልክ ትነግረኝ ነበር። ‹ወረቀቱ ነገ ይወጣል፣ ተነገ ወዲያ› ትል ነበር። አንተ ዝርዝር ትወዳለህ። ካሰሩኝ በኋላ ነው የገባኝ። እዚያ ጊዜ አለኝ፤ አሰብሁት።»

«ለምን ታዲያ አልተነሳህም? ና ስልህ?»

«ወረቀቱን ስጠብቅ። ምን እንደምጠብቅ ልነግርህ እችል ነበር በስልክ። እኔም ፈራሁ። አንተም ግልጹን ልትነግረኝ ፈራህ። አይደል?»

«አዎ።»

«ሁለታችንም ፈሪ ነን እንግዲህ» አለ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። አልከፋኝም። ቢለኝ ኖሮ አላምነውም ነበር።

ሌላው ጥያቄዬ ለታጣቂዎቹ በራችንን ያሳየው ሰው ማን እንደሆነ ነው። ሥራዬ ያ ነው፤ አንድ ነገር ሲሰበር ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደገባ ፈልጎ ማግኘት። እህቴ እንደምታውቅ ከዓይኗ ተረድቻለሁ። አባቴ ግን አስምሏት ነበር። እኔ ስጨቀጭቃት ከአልጋው ሆኖ ሰማ።

«ምርመራህን እዚያው ባንክህ» አለኝ። «እኛ እዚያ መኖር አለብን።»

እግሩ ሲድን ወደ ሐይቅ ልመለስ አለ፤ መለስሁት። ፊደል የማያይ ሰው ሆኖ ሳለ እኔ አሁንም በማሽን መፍትሔ ስፈልግ ነበር። ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም ጀመርሁ፤ ያ አሮጌ ዓይነት ማሽን «ሀ» ሲል የታመመ ፍየል ይመስላል። በስልክ አሰማሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ተወው በአላህ» አለኝ። «አንተ ራስህ አንብብልኝ።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በስልክ አነብለት ነበር። ጋዜጣም ሆነ የሒሳብ ታሪክ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ፈረቃ ሲደርስብኝ ቀየርሁ፤ የሚቀይረኝ ሳጣ አለቃዬ ራሷ ገባችልኝ። አንዳንዴ እያነበብሁ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል፤ ሳላቋርጥ ገጹን እጨርሳለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ሄደ። ነሐሴ ላይ ኩላሊቱ ደከመ። ስደርስ ገና ሕይወቱ ነበረች፤ በድምፄ አወቀኝ። በማግስቱ ከዙሁር በኋላ ሞተ።

ጀናዛው በዝናብ ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት አብዛኞቹ ያስተማራቸው ናቸው። የኔታ እስከ መቃብሩ አጥር ድረስ መጥተው ጋቢያቸው በስብሶ እስኪያልቅ ቆሙ። ከተሸካሚዎቹ መካከል ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ ሁለት ልጆቹን አባቴ በነፃ ያስጠናለት ጎረቤት ነበር። ከፊት ነው የያዘው። ሲጨርስ አንገቴን አቅፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም አቅፌው አለቀስሁ፤ በዚያ ቀን ያለቀስሁት እሱ ትከሻ ላይ ብቻ ነው።

ለአርባው ሰደቃ ተመልሼ ሄድሁ። ሰው ሲበተን እህቴ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«አሁን መሐላው የለም» አለችኝ። «ሞቷል። ትፈልጋለህ?»

«ንገሪኝ እትዬ።»

ነገረችኝ። ያ ጎረቤት ነው። ታጣቂዎቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን ወስደው ደብድበውት ነበር አለች፤ ትልቁን ልጁን ይዘውበት። የመንግሥት ሰው ቤት አሳየን ሲሉት የመጣለት የእኛ ቤት ነው። ልጁን ለቀቁለት።

«ታዲያ እስካሁን እንዴት ሰላም ትይዋለሽ?»

«ሚስቱ ናት እኮ ለአባባ ገንፎ ስታመጣ የከረመችው» አለች እህቴ። ሳህኑን ደፋችው። «እኔም እንጃ።»

በማግስቱ ከመሳፈሬ በፊት ወደ ቤቱ ሄድሁ። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር፤ ልሰድበው ይሁን ልጠይቀው፣ ወይ ልጁ እንዴት ነው ልለው። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኳሁ። ሚስቱ ብቅ አለች፤ ስታየኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«የለም» አለችኝ። «ገበያ ወጥቷል።»

ጫማው ደፉ ላይ ነበር፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ሲያስል ሰማሁ፤ እሷም መስማቴን አየች። ሁለታችንም ጫማውን አየነው።

«እሺ» አልኋት። «ለገንፎው አላህ ይስጥሽ።»

ወደ መናኸሪያው ወረድሁ። የደሴው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ጥግ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ሌላ አንድ ሰው እስኪመጣ ጠበቅን።